መሪውን የያዘ እጅ

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ መኪናችሁን ከታች አቁማችሁ በጽዱ መሀል አቀበቱን የወጣችሁ ሾፌሮችና ረዳቶች፤ የትናንቱ የጻድቁ ንጉሥ የይምርሐነ ክርስቶስ በዓል፣ ጥቅምት 19፣ በሰላም አልፏል። ብዙው ምእመን ስንቁን ቋጥሮ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው፤ እናንተ ግን ለእኔ ንግግር ስትሉ ቀርታችኋል።

ለበዓሉ ያመጣኝ ሾፌር ከላሊበላ ወጥተን የብልባላን መንገድ እንደያዝን፣ "ጋሼ፣ ከበዓሉ በኋላ ንግግር አለዎት ሲሉ ሰማሁ፤ ስለ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። በቸልተኝነት ሰው ስለሚገድል ሾፌር ነው፣ ቅጣቱ ምን ያህል ቢሆን ፍትሕ ይሆናል ስለሚለው አልኩት። ሁለት ኩርባ ያህል ዝም አለ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "ታዲያ ስንት ዓመት ሊያስፈርዱብን ነው?" አለኝ።

"ብን" ነው ያለው። ማንንም ገጭቶ አያውቅም፤ ጠይቄዋለሁ። ግን ራሱን ከተከሳሾቹ ጋር ደመረ። በላስታ መንገድ የሚነዳ ሰው ነገሩ ከእሱ አንድ ኩርባ ብቻ እንደሚርቅ ያውቃል። ጥያቄውን በመንገድ ላይ አልመለስኩለትም። አሁን እዚህ መካከላችሁ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም፤ ስለ እሱ እንዳወራ ግን ፈቅዶልኛል።

ይምርሐነ ክርስቶስ ማለት "ክርስቶስ ይምራን" ማለት ነው ብዬ ለካህናቱ ብናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ለሾፌሮቹ ግን አንድ ነገር ላስታውስ። ፍሬኑንና ጎማውን ከነስማቸው ከጣሊያን ወሰድን። በእጃችሁ የምታዞሩትን ክብ ነገር ግን በጣሊያንኛ አልጠራነውም፤ ከራሳችን "መራ" አውጥተን "መሪ" አልነው። አገር የሚገዛውም መሪ ነው፣ ዕውርን የሚወስደውም መሪ ነው፣ ስድሳ ሰው ጭኖ ቁልቁለት የሚወርደው እጅ የጨበጠውም መሪ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዋሻው ውስጥ የተጋደሙትን ሙታን አይታችኋል። በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከሩቅ አገር ተጉዘው እዚህ ያረፉ ምእመናን ናቸው ይላሉ አባቶች። የእነዚያ ሰዎች መንገድ ከኛ የባሰ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ሽፍታው፣ ረሃቡ፣ ንዳዱ፣ ገደሉ። ነገር ግን ገደሉ አፋፍ ላይ እግሩን የሚያሳርፈው እያንዳንዱ ራሱ ነበር። በቅሎ ቢያድጠው እንኳ በቅሎው የራሱ ነው። ዛሬ ለገና ላሊበላ የሚገባው ምእመን ግን መናኸሪያ ላይ ሂሳቡን ከከፈለ ጀምሮ እግሩ የሱ አይደለም። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ ሰው እግር ነው የሚሄደው። ያ እግር ደግሞ ወይ ነዳጁ ላይ ነው፣ ወይ ፍሬኑ ላይ። እንግዲህ ስለዚያ እግር ነው የምናወራው።

መጀመሪያ ከአነጋገራችን አንድ ነገር ላንሳ። "መኪና ገጨው" እንላለን። "መኪና በላው" እንላለን። "ፍሬን በጠሰና ገደል ገባ" እንላለን። በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሾፌሩን ፈልጉት፤ የለም። መኪናው ራሱ ይገጫል፣ መኪናው ራሱ ይበላል፣ ፍሬኑም በራሱ ፈቃድ ይበጠሳል። ባሏ የሞተባትን ሴት "ምን ሆኖ ሞተ?" ብትሏት "መኪና" ብላ በአንድ ቃል ትመልሳለች። ጅብ፣ ጎርፍ፣ መብረቅ እንደምንለው ማለት ነው። ከዚያ ፍርድ ቤት ስንደርስ፣ ለአፍታ እንኳ በቋንቋችን ያልነበረው ሾፌር ድንገት ብቻውን ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ እናገኘዋለን፤ ያኔ ደግሞ ከእሱ በቀር ሌላ ጥፋተኛ የለም። እኔ ሁለቱም ትክክል አይመስለኝም።

"ፍሬን በጠሰ" የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ከገሸና ወደ ወልዲያ በአይሱዙ ጋቢና ተሳፍሬ እወርዳለሁ። ከኋላ እህል ተጭኗል፤ እህሉ ላይ ሰው ተጭኗል። ከድልብ በላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሾፌሩ ማርሹን ዜሮ ላይ አደረገው። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው። መኪናው ጸጥ ብሎ መንሸራተት ጀመረ፤ ደስ ይል ነበር ብል አልዋሽም፤ የሞተሩ ጩኸት ቀርቶ የንፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሾፌሩ ዘፈኑን ከፍ አደረገ። በየኩርባው ፍሬን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። ጥቂት እንደወረድን የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። "ምንድን ነው?" አልኩት። "አይዞህ፣ ይቺን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ" አለኝ። ቀጥሎ ባለው ኩርባ ግን ፍሬኑ ወለል ድረስ ገባለት። ፊቱን አየሁት፤ ዘፈኑን በአንድ እጁ አጠፋው። የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ መኪናው አልቆም ሲለው መጀመሪያ ያደረገው ዘፈኑን ማጥፋት ነው። ከዚያ ማርሽ እየታገለ አስገባ፣ ሞተሩ እንደ ቆሰለ አውሬ ጮኸ፣ በተራራው በኩል አፈሩን እየታከከ ቆመ። ረዳቱ ገና ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ጎማው ሥር ወሸቀ። ድንጋዩን መንገድ ላይ አልፈለገውም፤ ከገሸና ጀምሮ እግሩ ሥር ይዞት ነበር። ውኃ ሲደፉበት ጎማው ጢስ አወጣ።

ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ወረድን፤ ወልዲያ በሰላም ገባን። ሾፌሩን ማንም አልቀጣውም። እኔም ሂሳቤን ከፍዬ፣ አመስግኜው ወረድኩ።

ያን ቀን ገደል ገብተን ቢሆን በሬዲዮ የሚነገረው "ፍሬኑ በመበጠሱ" ነበር። የተበጠሰ ነገር ግን አልነበረም። ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ሲወረድ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ከልክ በላይ የጋለ ሸራ ደግሞ ብረቱን መያዝ ይተዋል፤ ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ወጣት ሾፌር ሲለማመድ "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚባለው። በንፋስ ፍሬን የሚሠሩት ትልልቆቹማ ሞተር ከጠፋ ንፋሱን የሚሞላላቸው የለም፤ መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ ያ አደጋ ኩርባው ላይ አልተፈጠረም። ከሃያ ደቂቃ በፊት፣ ሾፌሩ እጁን ማርሹ ላይ አድርጎ ዜሮ ባደረገበት ቅጽበት ነው የተፈጠረው። ረዳቱ ድንጋዩን ያነሳው ደግሞ ከዚያም በፊት ነው። ድንጋይ ይዞ የሚጓዝ ሰው ፍሬኑን አያምነውም ማለት ነው። አላወቅንም ማለት አይችሉም።

እንግዲህ ወደ ሕጉ። ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ይህን ጉዳይ በአንቀጽ 543 ይዞታል። ማንም ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይላል የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ። ሁለተኛው እንደ ሐኪምና እንደ ሾፌር የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ላለበት ከፍ ያደርገዋል፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ። ሦስተኛው ላይ በሩ ሌላ ነው፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር። በዚህ በር የሚገቡት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ፣ ግልጽ የሆነ ደንብን አውቆ የጣሰ፣ ወይም በመጠጥና በአደንዛዥ ነገር ራሱን ያሳተ ናቸው።

እኔ ከዚህ ሕግ ጋር ያለኝ ጠብ በአንዲት ሐረግ ላይ ነው፤ "ሁለትና ከዚያ በላይ" በምትለው። ደንብ አውቆ የጣሰውና የሰከረው በዚህ በር ቢገቡ አይከፋኝም፤ ሁለቱም የመረጡት ነገር አለ። ነገር ግን ንቁ ሆኖ፣ በልኩ እየነዳ፣ ለአንዲት ቅጽበት ልቡ የሸፈተ ሾፌር መኪናው ተገልብጦ ሁለት ሰው ቢሞትበት፣ ከሰካራሙ ጋር በአንድ በር ይገባል። መነሻው 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢሞት ኖሮ በ1 ዓመት ይጀምርለት ነበር። ጥፋቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ብዛት ነው። በተቃራኒው የድልቡ ሾፌሬ፣ ስንት ጊዜ በዜሮ ማርሽ እንደወረደ እሱ ብቻ የሚያውቀው፣ ከአንቀጽ 543 ጋር ተያይቶ አያውቅም። የሬሳ ቁጥር የዕድል ነገር ነው። ዕድልን ደግሞ ዳኛ እንዲመዝን መጠየቅ የለብንም።

አውቃለሁ፣ ከእናንተ መካከል አንዱ ልቡ እየደማ "ታዲያ የሞተው ሰው ብዛት ምንም አይደለም ልትለን ነው?" ይለኛል። አልልም። መጋቢት 2010 ደቡብ ወሎ ለጋምቦ ውስጥ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው ሲሞት፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ታኅሣሥ 2017 በሲዳማ ቦና ዙሪያ ሰርገኛ የጫነ መኪና ወንዝ ገብቶ 71 ሰው አለቀ። እነዚያን ቤቶች አንኳኩቶ "ቁጥር ዕድል ነው" የሚል አንደበት የለኝም። የሁለቱን አደጋ ጥፋተኛ እዚህ ቆሜ መፍረድም አይገባኝም። የምለው ይህን ነው፤ ቁጥሩ ለካሳው ይቆጠር፣ ዳኛውም በወሰኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ ሲያደርግ ይመልከተው፤ በሩን የሚከፍተው ግን ሾፌሩ የመረጠው ነገር ይሁን። ዜሮ ማርሽ መርጧል? ጫት ሲቅም አድሮ መሪ ጨብጧል? ኩርባ ላይ፣ ከፊት የሚመጣውን ሳያይ ቀድሟል? ከወንበሩ በላይ ትርፍ ሰው ጭኗል? እንዲህ ያለውን አንድ ሰው ቢገድልም፣ ሰባ ቢገድልም፣ በከባዱ በር አስገቡት። በሌላ በኩል ሰው መሆኑ ብቻ ያሳተውን በቀላሉ።

ይህን መለያየት እኔ አልፈጠርኩትም፤ አባቶች የሚያነቡት ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ላይ ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ዱር የገባ ሰው አለ። መጥረቢያው ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ገደለው። ይህ ሰው ወደ መማፀኛ ከተማ ይሸሻል፤ ደም መላሹ እንዳያገኘው። ከዚያ ዘጸአት 21 ላይ ደግሞ በሬ አለ። በሬው ሰው ከወጋ በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ነጻ ነው። ነገር ግን በሬው ቀድሞም ይወጋ ከነበረ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳያስረው ከቀረ፣ ያኔ ባለቤቱ ራሱ በደሙ ይጠየቃል፤ ወይም የነፍሱን ቤዛ ይከፍላል። ልብ በሉ፤ በሬው ያው በሬ ነው፣ ሟቹም ያው ሟች። ልዩነቱ "ተነግሮት ነበር ወይ?" የሚለው ላይ ነው። ፍትሐ ነገሥቱም ፈቅዶ የገደለንና ሳይፈቅድ የገደለን አንድ አላደረገም። የዛሬው ወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲተረጉም ከዚህ አልራቀም፤ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ "አይደርስም" ብሎ የገፋበት አለ፣ ማወቅ ሲገባው ሳያስብ የቀረ አለ። ሁለቱን ለይቷቸዋል፤ ቅጣቱ ላይ ሲደርስ ግን ሰው መቁጠር ጀመረ። "ይቺን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ" ያለው የኔ ሾፌር የመጀመሪያው ነው። መጥረቢያው ሲላላ አይቶ መታ።

ሾፌሮች ብዙ ጊዜ የምትሉትን አውቃለሁ፤ "ሾፌር ሞትን ፈልጎ አይነዳም፤ እሱም እኮ እዚያው መኪና ውስጥ ነው።" እውነት ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ በአንቀጽ 540፣ ሆን ብሎ እንደገደለ ሰው ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚያስቀጣው የማይታየው፤ መታየትም የለበትም። በየአደጋው ማግስት "ይሰቀል" የሚለውን ጩኸት እኔ አልደግፍም። ነገር ግን ራሱ እዚያ መኪና ውስጥ መሆኑ ጥፋቱን አያጥበውም። በገዛ ነፍሱ የሚቆምረው በራሱ ነው፤ ከኋላው የተቀመጠችው ነፍሰ ጡር ግን ቁማሩን አልገባችም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ፤ የበሬው ባለቤት የት አለ?

እዚህ ያላችሁ ረዳቶች እኔ ከማውቀው በላይ ታውቃላችሁ። መኪናው የሾፌሩ አይደለም። ባለንብረቱ ወልዲያ ወይም ደሴ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ የቀን ገቢ ይቆርጣል። ሾፌሩ ያን ገቢ ካላስገባ ነገ ሌላ ሾፌር አለ። ትርፉን ሰው የሚጭነው ያንን ለመሙላት ነው፤ ሌሊት የሚነዳው ያንን ለመሙላት ነው፤ ማርሹን ዜሮ የሚያደርገው የነዳጁ ብር ከሱ ኪስ ስለሚወጣ ነው። "ሸራው አልቋል" ብሎ ሲደውል "ይቺን ዙር ጨርስ፣ ከዚያ ይታያል" ይባላል። ተራ አስከባሪው መኪናው ከልክ በላይ ሲሞላ ያያል፤ እሱም ድርሻው አለው። ከዚያ ሬሳ ሲቆጠር አንድ ሰው ብቻ ይከሰሳል፤ ያውም ከተረፈ።

አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 1ን ደግሜ ላስታውሳችሁ፤ "ሾፌር" አይልም። "ማንም ሰው በቸልተኝነት" ነው የሚለው። ሸራው ማለቁ ተነግሮት መኪናውን የላከ ባለንብረት ይህ አንቀጽ በደንብ ይይዘዋል። አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መርማሪው የሾፌሩን ትንፋሽ ብቻ ሳይሆን የሾፌሩን ስልክም እንዲያይ ነው፤ ማን ደወለለት፣ ምን አለው? ዐቃቤ ሕግ የሆኑ የሙያ ባልደረቦቼን ይህን ስላቸው "ማረጋገጥ ከባድ ነው" ይሉኛል። ከባድ ነው። ሾፌሩን ብቻ መክሰስ ቀላል ስለሆነ ነው ሾፌሩን ብቻ የምንከስሰው።

በፍትሐ ብሔር በኩልማ ሕጋችን ቀድሞናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይከፍላል ይላል። ጥሩ ነው። ግን የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2116 ላይ ስትደርሱ ለሐዘን፣ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር አይበልጥም የሚል ታገኛላችሁ። በ1952 አንድ ሺህ ብር ብር ነበር። ዛሬ የገና በግ እግሩን አይገዛም። የሦስተኛ ወገን መድን የሚያስገድደው አዋጅ 799 በ2005 ሲወጣ ደግሞ ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ግን እስከ 100,000 ብር ወሰን አስቀመጠ። አጥር ሰብሮ ቤት ውስጥ የገባ መኪና ቤቱን ከነባለቤቱ ቢያፈርስ፣ ወሰኑ ከባለቤቱ ይልቅ ለቤቱ ሰፊ ነበር ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ተሳስቼ እንዳይሆን።

ካሳ ሲነሳ አንድ በረንዳ ይታወሰኛል። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ አልናገርም። የሾፌር ጠበቃ ሆኜ ቀጠሮ እጠብቃለሁ። አግዳሚው ላይ ሁለት እናቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ የሟች እናት፣ አንዷ የተከሳሹ እናት። ከአንድ አካባቢ ናቸው፤ ከመንደራቸው የመጡትም በአንድ መኪና ነው። የሟች እናት ጥቁር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። የተከሳሹ እናት ከቋጠሮዋ ቆሎ አወጣች፤ ለብቻዋ ልትበላ አልቻለችም፤ መዳፏን ዘረጋችላት። ያቺኛዋ ለረጅም ጊዜ መዳፉን አየችው። ከዚያ ጥቂት አነሳች። አንድም ቃል አልተናገሩም። ከውስጥ ስንጠራ የተከሳሹ እናት ቀድማ ተነሥታ እጇን ሰጥታ አነሣቻት፤ ጉልበቷን ያማታል።

ያኔ የአካባቢው ሽማግሌዎች ደሙን ለማድረቅ እየደከሙ ነበር፤ ሐብሩና ጉባላፍቶ በኩል አባጋር የሚባሉት አስታራቂዎች እንደሚደክሙት። ሽማግሌ የገባበት እርቅ ለፍርድ ቤቱም ጠቃሚ ነው፤ መጸጸትና ካሳ መክፈል በሕጋችን ቅጣት ያቀልላሉ። እኔም የተጠቀምኩበት ነው። ግን ካሳውን ማን እንደከፈለ ልንገራችሁ። ያቺ የቆሎዋ እናት አንድ በሬ ሸጠች፤ አጎቶቹ አዋጡ። ባለንብረቱ እርቁ ላይ አልተቀመጠም፤ አልተጠራምም። መኪናውን አስጠግኖ በሌላ ሾፌር መልሶ አሰማርቶታል። ሽማግሌዎቻችን፣ ይህን የምለው በአክብሮት ነው፤ ደም ስታደርቁ የሾፌሩን ዘመድ ብቻ አትጥሩ። ባለንብረቱንም ጥሩት። እምቢ ካለም እምቢ ማለቱን አገር ይስማው።

የሌላውም አገር ሰው በዚህ ነገር ሲታመስ ኖሯል። ብሪታንያዎች ግድየለሽ አነዳድንና አደገኛ አነዳድን በሕግ ለይተዋል፤ በግድየለሽነት ለገደለ ጣሪያው 5 ዓመት ሆኖ ሳለ፣ በአደገኛ አነዳድ ለገደለ ግን በ2022 እ.ኤ.አ. ጣሪያውን ከ14 ዓመት ወደ ዕድሜ ልክ ከፍ አደረጉት። መለየታቸውን እወድላቸዋለሁ፤ ዕድሜ ልኩን ግን አልኮርጅም። ከሁሉ ትምህርት የሚሆነን የህንድ ነው። ህንዶች አዲስ የወንጀል ሕግ አውጥተው ሰው ገጭቶ ገድሎ የሚሸሽ ሾፌር እስከ 10 ዓመት ይታሰራል አሉ። በኛ ታኅሣሥ 2016 የጭነት መኪና ሾፌሮች በየክፍለ አገሩ ሥራ አቁመው መሪ ለቀቁ፤ ነዳጅ ማደያዎች ተጨናነቁ፤ መንግሥት ድንጋጌውን አቆየው። ሾፌሮቹ ያሉት እዚህም የማውቀው ነገር ነው፤ "ስንቆም መንደርተኛው ይገድለናል፤ ስንሸሽ ሕጉ ይገድለናል።"

ይህ ነገር እኛንም ይመለከተናል፤ ለዚህ ነው በመንገድ ዳር ለሚኖሩት አንድ ነገር ማለት የምፈልገው። የገጨ ሾፌር ወርዶ የተጎዳውን ማንሳት ግዴታው ነው፤ ለተጎዳ ሰው እርዳታ አለመስጠት በራሱ ወንጀል ነው። ነገር ግን ሲወርድ ዱላ የሚጠብቀው ከሆነ አይወርድም። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይበራል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል፤ የተጎዳው ልጅ ደግሞ አስፋልት ላይ ደሙ ሲፈስ ይቆያል። ኦሪት የመማፀኛ ከተማ የሠራችው ለገዳዩ አዝና ብቻ አይመስለኝም። ሰው ሳይሰክን ፍርድ እንዳይሰጥ ነው። አንድ ሾፌር ሰው ገጭቶ ሲወርድ ሁለት ሽማግሌዎች ከጎኑ ቢቆሙ፣ የልጁ ነፍስ የምትተርፍበት ቀን ይኖራል።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን ፖሊስ የመዘገበው የትራፊክ ሞት ከ4 ሺህ በላይ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚያው ዓመት የገመተው ግን ከ27 ሺህ በላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ከ20 ሺህ በላይ ሰው ማን ነው? ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደ እኛ አካባቢ ባለ መንደር፣ ከአደጋው በኋላ ቤታቸው ተኝተው፣ ጠበል ተወስደው፣ ከሳምንት በኋላ የሞቱ ይመስለኛል። ለእነዚህ ስለ 5 ዓመትና ስለ 15 ዓመት የምንከራከረው ክርክር ምናቸውም አይደለም፤ ክስ የለም፣ ፋይል የለም። ፋይል በሌለበት አገር ቅጣቱን ወደ 25 ዓመት ብናሳድገው ማንም አይፈራውም። ሾፌር የሚፈራው በወረቀት ላይ ያለውን ዓመት ሳይሆን ነገ ጠዋት ኬላው ላይ የሚቆመውን ትራፊክ ነው። ስለዚህ ብትጠይቁኝ፣ ከምጨምረው እስራት ይልቅ ማንም ሳይሞት የሚሰጠውን ቅጣት ባጠነክር እመርጣለሁ። የድልቡ ሾፌሬ ያን ቀን፣ እኛ ሁላችን በሕይወት ሳለን፣ መንጃ ፈቃዱን ለስድስት ወር ቢያጣ ኖሮ፣ ቤቱ ይቸገር ነበር፤ አልክድም። ግን እስር ቤት አይገባም፤ የገደለው ሰውም የለም።

በመንገድ ላይ ያልመለስኩለት መልስ አለብኝ። ወንድሜ፣ "ስንት ዓመት?" ብለኸኝ ነበር። ማርሽ አስገብተህ፣ በልክህ ጭነህ፣ ተኝተህ ተነሥተህ እየነዳህ ቢያመልጥህ፣ ዓመት እንዲቆጠርብህ አልጠይቅም፤ መንጃ ፈቃድህ ይታገድ፣ ባለንብረቱና መድኑ ካሳውን ይክፈሉ፣ አንተ ከሟች ቤት ደጅ ሄደህ ተንበርከክ። ዜሮ አድርገህ ስትወርድ ቢሆን ግን፣ አንድ ሰውም ቢሆን፣ አምስት ዓመት አይበዛብህም።

ወደዚህ ስንመጣ፣ ብልባላ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ፣ እሱም ያሳየኝ ነገር አለ። ወደ መኪናው ጀርባ ወሰደኝ። የኋላ ቀኝ ጎማው ጥርሱ አልቆ እንደ ሳህን ለስልሷል፤ በአንድ በኩል ውስጡ ያለው ክር ብቅ ብሏል። በጣቱ ነካው። "ለባለንብረቱ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ ጋሼ፤ ከገና በኋላ ይቀየራል አለኝ።" ከዚያ ሳቅ አለና፣ "አሁን እርስዎም ያውቃሉ" አለኝ።

አሁን እናንተም አውቃችኋል። ከዚህ ስጨርስ ከእሱ ጋር ነው የምመለሰው። ለባለንብረቱ ልደውልለት ስልክ ቁጥሩን ተቀብያለሁ፤ ከዋሻው አጠገብ ግን ስልኬ አልሠራልኝም። የሚሠራበት ቦታ እስክንደርስ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብለን እንወርዳለን።